ሥራ የፈታ ክላስተር በራሱ ይዘጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዳታ ቡድኖች ጋር ስሠራ በየጊዜው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አብዛኛው ምሳሌ በክላውድ (በኢንተርኔት በሚከራዩ ማሽኖች) ላይ ብዙ ዳታ ከሚያቀነባብረው አገልግሎት፣ ከአማዞን ኢኤምአር ነው፤ ብዙ የሠራሁበት እሱ ስለሆነ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን ጎግል ዳታፕሮክንና ዳታብሪክስን፣ የማይክሮሶፍቱን ክላውድ አዡርን፣ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስንም በየቦታው አነሳለሁ። የማነሳቸው የአማዞን ዋጋዎች የሰሜን ቨርጂኒያ ሪጅን (የማሽኖቹ መገኛ አካባቢ) መደበኛ ዋጋዎች ናቸው። እናንተ ሌላ ሪጅን ላይ ከሆናችሁ ስሌቱን በራሳችሁ ዋጋ ድገሙት።

«ሥራ የፈታ ክላስተር» ማለት ምን ማለት ነው?

ክላስተር ማለት አንድን ከባድ ሥራ ተካፍለው እንዲሠሩ አብረው የተከራዩ ማሽኖች ናቸው። ሥራ ፈታ የምንለው ማሽኖቹ በርተው፣ ሒሳቡ እየቆጠረ፣ ምንም የሚሠሩት ነገር ሲያጡ ነው።

ክላውድ የሚያስከፍለው ለሠራችሁት ሥራ ሳይሆን ማሽኑ በርቶ ለቆየበት ጊዜ ነው። ኮንትራት ታክሲ ይዛችሁ ቤታችሁ ድረስ ከሄዳችሁ በኋላ ሹፌሩን ሳታሰናብቱ ገብታችሁ እንደመተኛት ነው። ታክሲው በር ላይ ቆሟል፤ የትም አልሄደም። ጠዋት ስትወጡ ግን የሌሊቱን ትከፍላላችሁ።

ለመሆኑ ስንት ነው የሚባክነው?

አንድ የተለመደ መጠን ያለው ክላስተር እንውሰድ። አምስት ኤም5 ኤክስላርጅ ማሽኖች፤ እያንዳንዳቸው 4 ቨርችዋል ሲፒዩና 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አላቸው። የአንዱ ኪራይ በሰዓት 0.192 ዶላር ነው። ኢኤምአር በላዩ ላይ 0.048 ዶላር ይጨምራል። ድምሩ 0.24 ዶላር። አምስቱ በሰዓት 1.20 ዶላር ይሆናሉ።

1.20 ዶላር ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ 61 ሰዓት አለ። 73 ዶላር ከ20 ሳንቲም ማለት ነው፤ ማንም ቢሮ ባልነበረበት ጊዜ። ወሩን ሙሉ ካልተዘጋ 730 ሰዓት ሆኖ 876 ዶላር ይመጣል። ቡድኑ በቀን 9 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን የሚሠራ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው 198 ሰዓት ብቻ ነው፤ 237 ዶላር ከ60። ልዩነቱ 638 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ይህም ማሽኖቹ በሥራ ሰዓት አንዴም ሥራ አይፈቱም ብለን ነው፤ እውነታው ደግሞ እንዲያ አይደለም።

አገር ቤት ላለ ቡድን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ሒሳቡ የሚመጣው በዶላር ነው። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመታወጁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 876 ዶላር ማለት 50 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ዛሬ ያው ክላስተር፣ ያው አምስት ማሽን፣ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ቢገኝ እንኳ ዶላሩን ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የከፈተው ሰው ራሱ ይዝጋው ብንልስ?

ብለን እናውቃለን። አይሠራም። የሰው ስንፍና አይደለም፤ ሰው የሚያስታውሰው ነገር ብዙ ስለሆነ ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት እሠራበት በነበረ ድርጅት የሆነውን ልንገራችሁ። ጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ ከሰዓት። አንድ ጎበዝ የሥራ ባልደረባችን አንድ ሪፖርት ላይ የተጠራጠረውን ቁጥር ለማጣራት ልክ ከላይ እንዳልኩት ዓይነት አምስት ማሽን ያለው ክላስተር ከፈተ። ኩዌሪው (ለዳታው ያቀረበው ጥያቄ) 40 ደቂቃ ፈጀ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ተገኘ። 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ላፕቶፑን ከድኖ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ጉልባን ወደሚጠብቀው ቤቱ ሄደ። መብራት የጠፋው ግን ቢሮ ነው። ቨርጂኒያ ያሉት ማሽኖች እንደበሩ ናቸው።

ስቅለት አለፈ፤ ቅዳም ሹር አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ሲከፍት ክላስተሩ በአረንጓዴ ምልክት «ዝግጁ ነኝ» እያለ ይጠብቀዋል። 88 ሰዓት። 105 ዶላር ከ60 ሳንቲም። ያ የ40 ደቂቃ ሥራ የሚያስወጣው 80 ሳንቲም ነበር። ልጁ ፊቱ ቀላ። ማንም አልተቆጣውም፤ እኔም የምለው መቆጣት አያስፈልግም ነው። የዚያ ዕለት ጥፋት የእሱ አልነበረም። ክላስተሩ ሲፈጠር የመዘጊያ ደንብ ሳይኖረው መፈጠሩ ነበር ጥፋቱ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

በሰዓት ማዘጋት አይቀልም? ማታ ይዘጋ፣ ጠዋት ይከፈት።

ይቀላል፤ ለአንዳንድ ነገርም ጥሩ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለሚሠሩ የሙከራ ሰርቨሮች እኔም እጠቀምበታለሁ። ለዳታ ክላስተር ግን ብቻውን አይበቃም። ሰዓት በዓልን አያውቅም። ጥምቀት ማክሰኞ ላይ ቢውል በሰዓት የሚሠራው ደንብ ማክሰኞ ጠዋት ማሽኖቹን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ማታ አምሽቶ የሚሠራውን ሰው ደግሞ መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ሥራ ፈትነትን የሚያይ ደንብ ግን የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም። ሥራ ከሌለ ይዘጋል፤ ካለ ይጠብቃል።

በሰዓት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አንድ የእኛ አገር ሰው በተለይ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ብዙዎቹ የክላውድ ሰዓት ቆጣሪዎች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከእሱ 3 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ ሰዓት በ6 ይለያል። «ከምሽቱ 1 ሰዓት ይዘጋ» ሲባል በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር 19፡00 ነው፤ ሰዓት ቆጣሪው ላይ መጻፍ ያለበት ግን 16 ነው። 19 ብሎ የጻፈ ሰው ክላስተሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የሚዘጋለት። በየቀኑ 3 ሰዓት ተጨማሪ ይከፍላል፤ ደንቡ «ስለሚሠራ» ደግሞ ማንም አያየውም። «ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈት» ተብሎ 2 የጻፈም አይቻለሁ። ክላስተሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳ ነበር። መጻፍ የነበረበት 5 ነው።

የአማዞን ኢቬንትብሪጅ ስኬጁለር የሰዓት ቀጠና መምረጥ ያስችላል። አፍሪካ ከሚለው ስር አዲስ አበባን ምረጡና ተገላገሉ። ቡድናችሁ ግማሹ ዋሽንግተን ከሆነ ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ስለሚሆን በእጅ ማስላቱን ተዉት።

ማሽኑ ሥራ መፍታቱን በምን ያውቃል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የሲፒዩ አጠቃቀምን ነው፤ «ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ዝጋው» ይላል። ለአንድ ተራ ሰርቨር ሊያስኬድ ይችላል። ለክላስተር ግን ያታልላል። ከሌላ ቦታ ዳታ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሥራ ሲፒዩ አይነካም፤ ግን ሥራ ላይ ነው። በተቃራኒው ምንም ሥራ ሳይኖር ከጀርባ የሚሮጡ የክትትል ፕሮግራሞች ሲፒዩውን ከፍ አድርገው ሊያቆዩት ይችላሉ። ስለዚህ መለኪያው ሥራው ራሱ መሆን አለበት፤ የተሰለፈ ሥራ አለ ወይ? የሚሮጥ ሥራ አለ ወይ? የተገናኘ ሰው አለ ወይ?

ኢኤምአር በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ ይህን በራሱ ያደርጋል። ቨርዥን 5.30.0 እና 6.1.0፣ ከዚያም በኋላ የመጡት ላይ ይሠራል። በአዳዲሶቹ ቨርዥኖች ክላስተሩ ሥራ ፈት የሚባለው በያርን (በክላስተሩ ሥራ አከፋፋይ) ላይ የሚሮጥ አፕሊኬሽን ሲያጣ፣ የኤችዲኤፍኤስ (የክላስተሩ የራሱ ዳታ ማከማቻ) አጠቃቀሙ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን፣ የተገናኘ ኖትቡክም (ኮድ እየጻፉ የሚያስኬዱበት ገጽ) ሆነ ስቱዲዮ ሳይኖር ሲቀር፣ ክላስተሩ ላይ ያሉት የአፕሊኬሽን ገጾችም ሰው ሳይከፍታቸው ሲቀር ነው።

ያቺ 10 በመቶ ላይ ቆም በሉ። ኤችዲኤፍኤስ ላይ ብዙ ዳታ የምታከማቹ ከሆነ ክላስተሩ ሥራ ፈትቶ እንኳ «ሥራ ፈት» አይባልም። ደንቡ ተቀምጧል፣ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል፣ ክላስተሩ ግን አይዘጋም። ይህ ያጋጠማቸው ሰዎች ሁለት ቀን ሎግ (የማሽኑን የሥራ መዝገብ) ሲያገላብጡ ነው የሚያገኙት። እንደ ፕሬስቶ ያለ ያርንን የማይጠቀም የኩዌሪ ሞተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ደንቡን ከማመናችሁ በፊት እየሠራ ሳለ እንዳይዘጋባችሁ በሙከራ ክላስተር ላይ አረጋግጡ።

ዳታብሪክስ የስፓርክ (የዳታ ማቀነባበሪያው ሞተር) ሥራዎችን፣ ስትራክቸርድ ስትሪሚንግን (ሳያቋርጥ የሚፈስ ዳታን ማቀነባበር) እና ከሌሎች ፕሮግራሞች በጄዲቢሲ የሚመጡ ጥሪዎችን እንደ ሥራ ይቆጥራል። በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) ገብታችሁ በተርሚናል የምታስኬዱትን ትእዛዝ ግን አይቆጥርም። በዚያ መንገድ ረጅም ስክሪፕት አስነስቶ ሻይ ሊጠጣ የሄደ ሰው ሲመለስ ክላስተሩን ላያገኘው ይችላል። ጎግል ዳታፕሮክ ካሉት ገደቦች ሁለቱን ላንሳ። አንደኛው ሥራ ከፈታ በኋላ የሚቆጠር ነው። ሁለተኛው ከተፈጠረበት ደቂቃ ጀምሮ የሚቆጠር የዕድሜ ጣሪያ ነው። ሁለተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ለሙከራ የተከፈተ ክላስተር ምንም ቢሆን ከአንድ ቀን በላይ እንዳይኖር ያደርጋል።

ስንት ደቂቃ ልስጠው?

ኢኤምአር ከ1 ደቂቃ እስከ 7 ቀን ይቀበላል። ከድረ ገጹ ላይ ስትፈጥሩ ሳትነኩት ከተዋችሁት 1 ሰዓት ነው። ዳታብሪክስ ሳትነኩት 120 ደቂቃ ያደርገዋል፤ ዝቅተኛው 10 ነው።

እኔ ሰው ቁጭ ብሎ በኖትቡክ ለሚሠራበት ክላስተር 45 ደቂቃ እሰጣለሁ። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የኢኤምአር ክላስተር እንደገና ለመነሳት በርካታ ደቂቃ ይፈጃል፤ የምትጭኑት ላይብረሪ ብዙ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። ገደቡን 10 ደቂቃ ብታደርጉት አንድ ማኪያቶ ጠጥታ የተመለሰች ባልደረባችሁ ከዜሮ ትጀምራለች። ሜሞሪ ላይ የነበረው ሁሉ ሄዷል። ሁለት ጊዜ ከተደገመባት በሦስተኛው ኖትቡኩ ላይ በየደቂቃው ባዶ ትእዛዝ የምትልክ ስክሪፕት ትጽፋለች፤ ክላስተሩ ሥራ ያለው እንዲመስል። ያን ጊዜ ደንቡ ሞተ። ሰውን የሚያስመርር ደንብ ሰው ይዞረዋል።

በፕሮግራም ለሚሮጥ የሌሊት ሥራ ግን ደቂቃ መቁጠርም አያስፈልግም። ክላስተሩ ለሥራው ተፈጥሮ ሥራው ሲያልቅ ወዲያው እንዲጠፋ አድርጉት። ኢኤምአር ላይ የመጨረሻው ደረጃ ሲጠናቀቅ እንዲዘጋ የሚያደርግ ምርጫ አለ።

ሲዘጋ ዳታዬ አብሮ አይጠፋም?

ክላስተሩ ውስጥ ካለ ይጠፋል። ይህን ሳላለባብስ መናገር አለብኝ። የኢኤምአር ክላስተር ለአፍታ አይቆምም፤ ወይ አለ ወይ የለም። ሲጠፋ ኤችዲኤፍኤስ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ማስመለሻ የለውም።

ስለዚህ ራስ ሰር መዝጋትን ከማብራታችሁ በፊት ቤት መጽዳት አለበት። ግብዓቱም ውጤቱም ኤስ3 (ከክላስተሩ ውጭ ያለው የአማዞን ማከማቻ) ላይ ይቀመጥ። የሃይቭ (ዳታን በሰንጠረዥ መልክ የሚያስጠይቅ መሣሪያ) ሰንጠረዦች ዝርዝር ክላስተሩ ውስጥ ባለው ዳታቤዝ ሳይሆን ግሉ ካታሎግ (የአማዞን የሰንጠረዥ መዝገብ) ላይ ይኑር። ሎጉ ወደ ኤስ3 ይላክ፤ አለበለዚያ አንድ ሥራ ለምን እንደወደቀ ልታዩ ስትሄዱ ማስረጃው ከክላስተሩ ጋር ሄዶ ታገኙታላችሁ። ኖትቡኩም ውጭ ይቀመጥ። በእጅ የተጫነ ላይብረሪ ካለ ክላስተሩ ሲነሳ በሚሮጥ ስክሪፕት ይተካ።

ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ቡድን ጋር ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ግን ከዚያ በኋላ ክላስተር መጥፋቱ ማንንም አያስደነግጥም፤ ማሽን ሲበላሽም ያው ስክሪፕት ነው የሚያድናችሁ።

ዳታብሪክስ ላይ ቀለል ይላል። የተዘጋው ክላስተር አደረጃጀት ለ30 ቀን ይቀመጣል፤ ፒን ካደረጋችሁት ደግሞ ከዚያም በላይ። ስሙን ተጭናችሁ እንደገና ታስነሱታላችሁ።

ማቆምና ማጥፋት ምን ልዩነት አላቸው?

ማቆም ማለት ማሽኑን አሳርፎ ዲስኩን ማስቀመጥ ነው። ማጥፋት ማለት ጨርሶ መመለስ ነው። ያቆማችሁት ማሽን የሰዓት ኪራይ አይከፈልበትም፤ ዲስኩ ግን ይከፈልበታል። 500 ጊጋባይት ጂፒ3 ዲስክ በወር 40 ዶላር ነው፤ ማሽኑ ሠራም ተኛም። ከየካቲት 2024 በፈረንጆቹ ጀምሮ አማዞን ለእያንዳንዱ የሕዝብ አይፒ አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ በወር 3 ዶላር ከ65። ክላስተሩ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበት ናት ጌትዌይ ደግሞ ዳታ ባያልፍበት እንኳ በወር 33 ዶላር ገደማ ይበላል። «ሁሉን ዘግቼ ሒሳቡ ለምን ይመጣል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ነው።

አዡር ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ማሽኑ ውስጥ ገብታችሁ እንደማንኛውም ኮምፒውተር ብትዘጉት «ቆሟል» ይላችኋል፤ ክፍያው ግን ይቀጥላል። ማሽኑ አሁንም ለእናንተ ተይዟል። ክፍያው የሚቆመው ከፖርታሉ ወይም በትእዛዝ «ዲአሎኬት» ስታደርጉት ነው። የማቆሚያ ስክሪፕታችሁ የቱን እንደሚያደርግ ዛሬውኑ እዩት።

ከክላስተሩ ጎን ያለ የአማዞን አርዲኤስ ዳታቤዝ ካላችሁ ደግሞ ያቆማችሁት በ7ኛው ቀን በራሱ ይነሳል። የጥገና ሥራ እንዳያመልጠው ተብሎ ነው። አንዴ አቁማችሁ ለወር ከረሳችሁት ሦስት ሳምንት ያህል እየሠራ ነበር ማለት ነው።

ማሽኖቹን አቁሜ ነበር፤ ከደቂቃዎች በኋላ አዳዲስ ተነሡ። ምንድን ነው?

አውቶ ስኬሊንግ ግሩፕ ነው፤ የማሽኖችን ቁጥር የሚጠብቅ የማሽኖች ቡድን። ቡድኑ «አምስት ማሽን ይኑረኝ» ተብሎ ታዝዟል። አንዱን ስታቆሙበት ታሟል ብሎ ያጠፋዋል፤ በምትኩ አዲስ ያስነሳል። እናንተ በአንድ በር ታስወጣላችሁ፤ እሱ በሌላ በር ያስገባል። ማሽኑን አትንኩ። የቡድኑን ዝቅተኛና ተፈላጊ ቁጥር ወደ ዜሮ አውርዱ፤ ማሽኖቹን ራሱ ይመልሳቸዋል። ኢኬኤስ (የአማዞን ኩበርኔቲስ) ላይ የኖድ ግሩፕም (የማሽኖች ቡድን) እንዲሁ ነው።

ኩበርኔቲስ ላይ እንዴት ነው?

እዚህ ሁለት ነገር ለይታችሁ እዩ፤ መቆጣጠሪያው ክፍልና ሥራ የሚሠሩት ኖዶች። ኢኬኤስና የጎግሉ ጂኬኢ ለአንድ ክላስተር መቆጣጠሪያ በሰዓት 0.10 ዶላር ያስከፍላሉ፤ በወር 73 ዶላር። ኢኬኤስ ላይ ይህን ማቆሚያ የለም፤ ወይ ክላስተሩን ማጥፋት ነው ወይ መክፈል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር ገንቢ የየራሱን ክላስተር ከመስጠት አንዱን በኔምስፔስ (ክላስተሩ ውስጥ ባለ የተለየ ክፍል) ማካፈል ይሻላል። አዡር ኤኬኤስ ክላስተሩን ሙሉ በሙሉ አቁሞ ማስነሳት ያስችላል፤ ለሙከራ ቦታ ግሩም ነው።

ኖዶቹን በተመለከተ ክላስተር አውቶስኬለር የሚባለው ሥራውን ይሠራል። ሳትነኩት ከተዋችሁት፣ ከአቅሙ ግማሽ በታች የተያዘ ኖድ ለ10 ደቂቃ እንዲያ ከቆየና በላዩ ያሉት ፖዶች (አፕሊኬሽኑ የሚሮጥባቸው ጥቅሎች) ሌላ ቦታ መሄድ ከቻሉ ኖዱን ያነሳዋል። ግን ልብ በሉ፤ ፖድ እስካለ ድረስ ኖድ ያስፈልጋል። ማታ ላይ ማንም የማይነካው የሙከራ አፕሊኬሽን ሦስት ፖድ ይዞ ከተቀመጠ አውቶስኬለሩ ምንም አያደርግም። መጀመሪያ ፖዶቹን ወደ ዜሮ የሚያወርድ ነገር ያስፈልጋል። ኬዳ የሚባለው መሣሪያ ሰልፍ ላይ መልእክት ሲጠፋ እስከ ዜሮ ያወርዳቸዋል። ከዚያ ኖዶቹ ተከትለው ይወርዳሉ።

የምንጠቀምበት ቨርዥን አሮጌ ነው። ምን እናድርግ?

ኢኤምአር «ኢዝ አይድል» የሚባል መለኪያ በየአምስት ደቂቃው ወደ ክላውድዋች (የአማዞን መከታተያ) ይልካል። ሥራ ከሌለ 1፣ ካለ 0። ለተከታታይ አንድ ሰዓት፣ ማለትም 12 ጊዜ፣ 1 ከሆነ አላርም እንዲነሣ አድርጉ። አላርሙ አንድ ትንሽ የላምዳ ፋንክሽን (ሲጠራ ብቻ የሚሮጥ ፕሮግራም) ይቀስቅስ፤ ፋንክሽኑ ክላስተሩን ያጥፋ። ራስ ሰሩ ባህሪ ከመምጣቱ በፊት ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንሠራው። ክላስተሩ ላይ ከመጥፋት የሚጠብቀው መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ፋንክሽኑ ስህተት ተቀብሎ ይመለሳል። ስህተቱን ወደ ቡድኑ ቴሌግራም ወይም ስላክ የሚልክ መስመር ጨምሩበት፤ ዝም ብሎ የሚወድቅ ፋንክሽን ከሌለ አይሻልም።

የበጀት ማንቂያ አስቀምጠናል፤ አይበቃም?

አይበቃም። ማንቂያው ይነግራችኋል እንጂ አይዘጋም። ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚነግራችሁ። የአማዞን የበጀት መረጃ በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚታደሰው። ያቺ የጸሎተ ሐሙስ ክላስተር ኢሜይል ብትልክ ኖሮስ? በስቅለት ቀን ስግደት ላይ ያለ ሰው ኢሜይል አያይም። ማንቂያውን አትተዉት፤ ግን መዝጊያው ሌላ ነው።

አስፈላጊ ሥራ ላይ እያለ ቢዘጋብኝስ?

ፍርሃቱ ትክክለኛ ነው። አንዴ የሚገባውን ሥራ የቆረጠ ደንብ አመኔታውን መልሶ አያገኝም። እኔ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ደንቡ ምንም ሳይዘጋ «አሁን ይህን እዘጋው ነበር» ብሎ ብቻ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ዝርዝሩን ከቡድኑ ጋር ቁጭ ብለን እናያለን። «ይሄ እንኳ ሊዘጋ አይገባም ነበር» የሚባል ነገር ሁልጊዜ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ቀን ከሌሊት የሚሮጥ የስትሪሚንግ ሥራ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ክላስተር ይሰጠዋል።

ለየት ያለ ፈቃድ የሚፈልግ ካለ በታግ (ክላስተሩ ላይ በሚለጠፍ ምልክት) ስጡት፤ ግን ታጉ ቀን ይኑረው። «አትንካ» ብቻ የሚል ታግ ለዘላለም ይኖራል፤ የለጠፈው ሰው ሥራ ቀይሮ ከሄደም በኋላ። «እስከ መጋቢት 15 አትንካ» የሚል ግን በራሱ ያልቃል።

ከየት ልጀምር?

አሁን የክላስተሮቻችሁን ዝርዝር ክፈቱ። በተፈጠሩበት ቀን ደርድሩ። ከሁሉ በላይ ያረጀውን ውሰዱና ማን እንደከፈተው፣ መጨረሻ ሥራ የሠራው መቼ እንደሆነ እዩ። ባለቤት ካልተገኘለት ውጤቱን ወደ ኤስ3 ገልብጣችሁ ዝጉት።

ከዚያ ክላስተር የምትፈጥሩበትን የቴራፎርም (ክላስተርን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚፈጥር መሣሪያ) ፋይል ወይም ስክሪፕት ክፈቱ። የመዘጊያ ገደቡን እዚያው ጻፉት፤ ከዛሬ በኋላ ያለ ገደብ የሚፈጠር ክላስተር እንዳይኖር። አሁን እየሠሩ ባሉት የኢኤምአር ክላስተሮችም ላይ ሳታቋርጧቸው ደንቡን መጨመር ይቻላል። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መጪው በዓል ከመድረሱ በፊት አድርጉት።